ያልተጨመረው ማግኒዚየም

ተመራማሪዋ ምንም ማዕድን ባልጨመረችበት ፈሳሽ ውስጥ የምታጠናው የዘረመል ቅንጣት፣ ኑክሊዮታይዱ፣ ዛሬም ከማግኒዚየም ጋር ተጣብቆ ተገኘ።

«አንተ ነህ የምትጨምርበት» አለችው አብሯት የሚሠራውን አሰግድን። «ጥናቴ እንዲበላሽ ትፈልጋለህ።»

«ዕቃሽን ነክቼ አላውቅም።»

አላመነችውም። የቤተ ሙከራውን ቁልፍ አስቀየረች፤ ለእሱም አልሰጠችውም። ማግኒዚየሙ ግን ጭራሽ ጨመረ።

በማግስቱ ጠዋት አሰግድ ደጃፉ ላይ ቆሞ ያያት ነበር። ሥራ ከመጀመሯ በፊት እንደ ልማዷ ከቦርሳዋ ትንሽ ጠርሙስ አወጣችና «ከምቀኛ ዓይን ሰውረኝ» እያለች ጠረጴዛውንም፣ ፈሳሹን የያዙትን ክዳን ያልተደረገባቸውን ብልቃጦችም ረጨቻቸው።

«ምንድን ነው እሱ?» አላት።

«ጸበል ነዋ። ያ ጨው ጨው የሚለው፣ ከፍል ውሃው የሚቀዳው» አለች ዞር ሳትል። «አንተን ከጠረጠርኩ ወዲህ እጥፍ ነው የምረጨው።»