የዞረው በግ

አርባኛው የገና ካርድ ላይ ስትደርስ የበጉ ማህተም ተሰነጠቀ። የኔነሽ ገልብጣ አየችው፤ ጎማው ከአንገት እስከ ሆድ ተተርትሯል። የቀሩት ሃያ ካርዶች ግርግሙም ኮከቡም ታትሞባቸው በጉን ብቻ እየጠበቁ ጠረጴዛው ላይ ተደርድረዋል። ካርዱን ያዘዟት የሸቤው ቡና ነጋዴ ሐጂ ሸኩር ናቸው፤ ራሳቸው ገናን ባያከብሩም አዲስ አበባ ላሉት ክርስቲያን ደንበኞቻቸው በየዓመቱ ይልካሉ። ዘንድሮ ጀርባው ላይ «ኢትዮጵያ ትቅደም» ይታተምበት ብለው አደራ ብለዋታል። ከፊት ሕፃኑ ተኝቷል፣ ከኋላ አብዮቱ ዘብ ቆሟል።

ማህተሙን የቀረጸው ባሏ ፍስሐ ነው። ጅማ ላይ ከእሱ እጅ ያልወጣ ማህተም ማግኘት ያስቸግራል፤ ጣጣውም የመጣው ከዚሁ ነው። የቀበሌ ማህተም አስመስለህ ለአናርኪስቶች ቀርጸሃል ብለው በጥቅምት ወሰዱት። ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ስንቅ ታደርሳለች፤ ዐይኑን ግን አላየችም፣ ደብዳቤም ክልክል ነው። በሕይወት መኖሩን የሚነግራት ስንቁን የምትጠቀልልበት የካኪ ወረቀት ብቻ ነው። የገናውን በግ አትማበት ትልካለች። ባዶው ሳህን ሲመለስ ወረቀቱም አብሮ ይመለሳል፤ ከእሷ በግ አጠገብ በከሰል የታተመ ሌላ በግ ይኖርበታል። ከበረባሶው ሶል በምስማር ፈልፍሎ እንደሠራው ነጋሪ አላስፈለጋትም። ዘቦቹ ወረቀቱን አገላብጠው ያዩና ያሳልፉታል፤ በግ ጽሑፍ አይደለማ።

ጾሙ በተያዘ ሳምንት የእሱ በግ ዞረ። የእሷ ወደ ቀኝ እያየ የእሱ ወደ ግራ ያይ ጀመር። የመጀመሪያው አልቆበት አዲስ ሲቀርጽ ሆን ብሎ ወደ ቤቱ አዞረልኝ ብላ ለጎረቤቷ ለሐጂራ ስትነግራት፣ ሐጂራ አልሀምዱሊላህ ብላ አብራት አልቅሳለች።

አሁንም አጠገቧ ያለችው ሐጂራ ናት። የሰላት ኮፍያ ስለምትጠልፍ እጇ አይሰንፍም፤ ዛሬ ካርድ ለማድረቅና ለመጠቅለል ብላ ነበር የመጣችው።

«ሜ፣ እስቲ መቅረጫውን አምጪልኝ» አለች የተሰነጠቀውን ጎማ አይታ። «ከዚህ የረቀቀ ስንት ጠልፌያለሁ፣ ወላሂ።»

አንድ የታተመ ካርድ ፊቷ አቁማ በአዲስ የጎማ ቁራጭ ላይ ጆሮውን ከጆሮው፣ እግሩን ከእግሩ እያስተያየች ቀረጸችው። ሥራዋ የሚያስቀና ነበር። ቀለም አስነክታ ወረቀት ላይ ስታሳርፈው ግን በጉ ፊቱን ወደ ግራ አዞረ።

የኔነሽ ከጥቅምት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። ያየችውን እንዳለ መቅረጿን ነገረቻት፤ ጎማው ላይ ግራው ቀኝ፣ ቀኙ ግራ ካልሆነ ሲታተም ይገለበጣል። ከፍስሐ እጅ ሙያ ሊማር የመጣ ሁሉ የመጀመሪያ ቀን ይህንኑ ይሠራል፤ ፍስሐም የስህተቱን ሻይ ያስከፍለዋል። እሱ ራሱ አሥራ ሰባት ዓመት ሲቀርጽ አንድ ቀን እንኳ...

ሳቋ ከመሃል ቀረ። ጠዋት ከእስር ቤቱ ደጅ የተቀበለችውን ወረቀት ከመደርደሪያው አውርዳ ከሐጂራ በግ ጎን ዘረጋችው። የከሰሉም በግ የሐጂራም በግ ወደ ግራ ያያሉ።

«ማል ታቴ? ምን ሆንሽ፣ የኔ?»

«ይህን የቀረጸው ፍስሐ አይደለም።»

ሐጂራ ሁለቱን ወረቀቶች ደጋግማ አየች። ገብቷት አፏን በነጠላዋ ጫፍ ያዘች፤ ቢሆንም ለጓደኛዋ የሚሆን ነገር ከመፈለግ አልቦዘነችም። እጁን አሞት ሌላ ሰው አስቀርጾ እንደሆነስ አለቻት።

«ቢያስቀርጽ አዙረው ይለው ነበር» አለች የኔነሽ። «አጠገቡ ሆኖ ዝም አይልም።»

ስድስት ሳምንት ሙሉ «የፍስሐ ስንቅ» ተብሎ በተጠራ ቁጥር ከዚያ ግንብ ውስጥ አቤት የሚል ሰው ነበር። ሳህኗን አሟጦ በልቶ፣ በጓን ትክ ብሎ አይቶ፣ የምትጠብቀውን አውቆ ይመልስላታል። እሷም ያንን ወረቀት ትራሷ ስር እያደረገች ትተኛለች። ፍስሐ ሞቷል ከተባለ ስንቁ ለዚያ ሰው ይቀርበታል፤ ይህን ለመገመት ጠንቋይ መሆን አያስፈልግም። ምናልባትም ፍስሐ ራሱ አደራ ብሎት ይሆናል። ሌባ ትበለው አጽናኝ ትበለው ግራ ገባት። ማልቀስ ፈለገች፣ እንባዋ እምቢ አለ።

ነገ የገና ዋዜማ ነው። በዓሉ ላይ ለፍስሐ ዶሮ ወጥ ልታደርስለት አስባ፣ ዶሮዋን ገዝታ ጓሮ አስራለች፤ የሚያርዱላትም ማዶ ያሉት አቶ ወልደሰማያት ነበሩ። እስከ ዛሬ ለዚያ ሰው የደረሰው ሽሮና ምስር ነው፤ የጾም ምግብ ክርስቲያኑም እስላሙም ይበላዋል። ሥጋ ግን ማን እንዳረደው ይጠየቃል።

ሐጂራ ትከሻዋን አቅፋ ከእንግዲህ መሄዱ ይቅርብሽ አለቻት። የኔነሽ ራሷን ነቀነቀች።

«ይጠብቃል እኮ» አለች። ከዚያ ከጓሮው በር ላይ ዐይኗን ሳትነቅል ጠየቀቻት፤ «ዶሮዋን አቶ ወልደሰማያት ይረዱልኝ ወይስ ያንቺ ባል ጀማለዲን?»