ወደ ፈረንጅኛ መልሺልኝ

ለውሃ መስመር ቢሮው አዲስ ኮምፒውተሮች መጡለት። ውስጣቸው ያለው ኦፐሬቲንግ ሲስተም በነፃ የሚሰጥ ነው፤ በዚያ ላይ በጎ ፈቃደኞች ዓመታት ለፍተው ከ«ክፈት» እስከ «ዝጋ» ያለውን ሁሉ ወደ አገሩ ቋንቋ መልሰውታል። የቢሮው ሠራተኛ በሙሉ አፉን የፈታው በዚሁ ቋንቋ ነው። ስለዚህ ማንም አልወደደውም።

«ይሄ ነገር ደረጃችንን ያወርዳል» አሉ ኃላፊው፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው። «ኮምፒውተር እንደ ጎረቤት እያናገረህ ምኑን ኮምፒውተር ሆነ?»

ደስ ያላት ጸሐፊዋ ብቻ ናት። ትምህርቷን ከስምንተኛ ክፍል ያቋረጠች፣ የሁለት ዓመት ልጇን ለአማቷ ትታ የምትመጣ፣ ድምጿ የማይሰማ ልጅ። በድሮው፣ በፈረንጅኛ በተጻፈው ኮምፒውተር የምትሠራው ቦታ እያስታወሰች ነበር፤ ከላይ ሦስተኛው ማተሚያ፣ አምስተኛው ማስቀመጫ። አሁን ታነባለች። በሁለት ሳምንት ውስጥ ጠረጴዛዋ ላይ የተከመረው ወረቀት አለቀ።

ኃላፊው ይህንንም አልወደዱትም። ስብሰባ ጠሩ።

«አርብ ከዋናው መሥሪያ ቤት ተቆጣጣሪዋ ይመጣሉ። በምን ቋንቋ እንደምንሠራ አይተው ይወስናሉ። እስከዚያ ሁሉም ሰው ወደ ፈረንጅኛ ይመለስ። በፈረንጅኛ መሥራት የማይችል ከሰኞ ጀምሮ ወንበሩን ይለቃል።»

ይህን ሲሉ ያዩት ጸሐፊዋን ነው።

የኮምፒውተር ባለሙያው የዓመት ዕረፍት ላይ ነበር። ኃላፊው ማስተካከያውን ራሳቸው ፈልገው አጡት፤ በሚያውቁት ቋንቋ ተጽፎ እያለ ማንበብ ክብራቸውን ነካው። ጸሐፊዋን ጠሩ።

«ነይ እስቲ፣ ወደ ፈረንጅኛ መልሺልኝ።»

«የቱ ነው እሱ?»

«የቱ ነው ትለኛለች እንዴ! ፈረንጅኛ ነዋ! የፈረንጅ ፊደል አታውቂም?»

ፊደሉን በመልክ ታውቀዋለች። «ቋንቋ» የሚለውን አንብባ ከፈተች፣ ከተደረደሩት ቋንቋዎች በፈረንጅ ፊደል የተጻፈ አንዱን ነካች፣ ኮምፒውተሩ ጠፍቶ በራ።

ኃላፊው መነጽራቸውን አወረዱ። ገጹን ከላይ እስከ ታች አዩት። አንዳንዱ ፊደል አናቱ ላይ ሁለት ነጥብ ደፍቷል። በረጅሙ ተነፈሱ።

«ይኸው! አሁን ገባኝ። ሰው የሚያከብር ነገር እንዲህ ነው።»

እስከ ረቡዕ ቢሮው ጠረጴዛዋ ጋ ተሰለፈ።

«የኔንም እንደ አለቃችን አድርጊልኝ፣ እህቴ» አለቻት የመዝገብ ቤቷ ሴትዮ።

«የኔንም፣ ያው እሱኑ» አለ የአስተዳደር ሠራተኛው። «እኔማ ኮሌጅ የጨረስኩት በሱ አይደል፣ እንደ ውሃ ነው የምጠጣው።»

አደረገችላቸው። ሁሉም ቀለለን አሉ። ሐሙስ ዕለት ከቢሮው አራት ደብዳቤ ብቻ ወጣ፤ አራቱንም የጻፈችው እሷ ናት። መስመር ይግባልን ብለው ያመለከቱ ሰዎች ኮሪደሩን ሞሉት። «ጥራት ጊዜ ይፈልጋል» አሏቸው ኃላፊው።

የራሷን ግን አልቀየረችም። ብትቀይረው አንዲት ቃል እንደማታነብ ታውቃለች።

«ሰኞ ያባርሩኛል፣ እማዬ» አለቻቸው አማቷን።

«አልችልም እንዳትያቸው። ዝም በይ።»

«ዝም በማለትማ ማን ይችለኛል።»

አርብ ጠዋት ተቆጣጣሪዋ መጣች። ኃላፊው በቀጥታ ወደ ጸሐፊዋ ጠረጴዛ ወሰዷት።

«እንግዲህ ያለችብን አንዲት እንቅፋት ይቺ ናት። እኛ ሌሎቻችን ግን ከተመለስን ወዲህ ነፍስ ዘርተናል። እያንዳንዷ ቃል ግልጽ! ወለል ብላ!»

የመዝገብ ቤቷ ሴትዮና የአስተዳደር ሠራተኛው ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁ። ጸሐፊዋ የልጇን ፎቶግራፍ ከጠረጴዛው አንስታ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች።

ተቆጣጣሪዋ የኃላፊውን ስክሪን አየች። ጎንበስ ብላ ደግማ አየች። ከዚያ እየዞረች የሁሉንም አየች።

«ይቅርታ» አለች፣ «እዚህ ቢሮ ሁላችሁም ፊንላንድኛ የተማራችሁት የት ነው?»