የመብረቅ ጥሪ

መብረቁ ከከፋ ወዲህ የሰፈሩ ሕግ አንድ ነው፤ የማዕበሉ ማስጠንቀቂያ ጥሪ ሲጮህ ሁሉም ቤት ዋናውን መስመር ከቆጣሪው ይነቅላል። አንድ ቤት እንኳ ከቀረ እሳቱ በሽቦው ተስቦ ሰፈሩን ያዳርሳል።

የዚያን ቀን ጥሪው ሲጮህ ስንቅነሽ ባሏን አየችው። ደምሰው የሚተነፍሰው በማሽን ነው፤ የማሽኑ ባትሪ ደግሞ ከሞተ ሰንብቷል። ደምሰው በዓይኑ ወደ ቆጣሪው አመለከታት። ነቀለችውና ማሽኑ ሲጠፋ የሚተካውን የአየር ፊኛ በሁለት እጇ እየጨመቀች ታስተነፍሰው ጀመር። በረዶው ቆርቆሮውን ሲደበድብ ጣቶቿ ደነዘዙ።

በሩ ተበረገደና ጎረቤቷ ኸድር ፒንሳ ይዞ ገባ።

«ነቅለሻል?»

«ነቅያለሁ። እጄ ከዳኝ፣ ኸድር!»

ፒንሳውን ጥሎ ፊኛውን ተቀበላት። መብረቁ ውጭ ያለውን ምሰሶ ሲመታ ግድግዳው ተንቀጠቀጠ። ሁለቱም የደምሰውን ደረት ብቻ ያዩ ነበር።

ማዕበሉ ሲያልፍ ስንቅነሽ መስመሩን መልሳ ሰካች፤ ማሽኑም ተነሳ።

«በቃ ወንድሜ፣ ልቀቀው» አለችው።

ኸድር ግን መጭመቁን አላቆመም። «አትነቅዪም ብዬ ሰግቼ ሽቦሽን ልቆርጥ ነበር የመጣሁት» አለ እንባው እየወረደ። «እሱ እንደሚተነፍስበት እያወቅኩ።»

ደምሰው ቀስ ብሎ እጁን ዘረጋና የኸድርን እጅ ያዘ።