የቀረችው አንድ እርምጃ

ልብስ ሰፊዋ ጣቷን ከስልኩ መስታወት በላይ እንዳንጠለጠለች ቀረች። ንግሥቷን አንድ ቤት ብታስጠጋ የልጇ ንጉሥ መውጫ አልነበረውም። ልጁ አኩርፎ ከቤት ከወጣ ወዲህ ስልኳን አላነሣም፤ የቀራት ደጃፍ በኢንተርኔት የሚጫወተው ቼዝ ብቻ ነበር። እሱ ደግሞ ከጀማሪ ጋር አይገጥምም። ስለዚህ የፈረስ አካሄድ እንኳ የማታውቀው ሴት፣ በስፌት መሀል እየተሸነፈች እየተማረች፣ በማያውቀው ስም እዚህ ደረሰች። አጨዋወቷ እንደ ሥራዋ ነው፤ ቁራጭ ጨርቅ እንደማትጥል ሁሉ፣ አንዲት ወታደር ማስበላት ሞቷ ነው።

ብታሸንፈው ይሄዳል፤ ብትሸነፍም ይሄዳል። ንጉሧን ያለ ሥራ ወደ ቀኝ ወሰደች፤ መልሳ አመጣች።

«ቀሚሴ አልደረሰም እንዴ?» አለች አንዲት ደንበኛ ከበሩ።

«አፈር ስሆን፣ ትንሽ ታገሺኝ!»

ለጨዋታው የተሰጣት ሰዓት እያለቀ ነበር። ይኼኔ አንድ ነገር ገረማት። በልጅነቱ መሸነፉን ሲያውቅ ሰሌዳ ገልብጦ የሚነሣው ልጅ፣ ዛሬ አልተነሣም። እሱም ንጉሡን ወዲያ ወዲህ ያመላልስ ነበር። ከሰሌዳው ሥር ጽሑፍ ብቅ አለ።

«ወታደሮቹንም እንደ ቁራጭ ጨርቅ ሰበሰብሻቸው አይደል? ጨርሺው እማዬ፣ ሌላ እንጫወታለን።»