አራተኛው መሐላ

ሦስተኛው ባላባት ምሎ እጁን ከወንጌሉ ላይ ሲያነሳ፣ ባሮን ጎትሃርድ ፊቱ በፈገግታ ተሞልቶ ወደ እኔ ዞረ። ተራው የእኔ ነው።

ከእመ ምኔቷ ወንበር በላይ በተሰቀለው ሰሌዳ ላይ የሴት ልጁ የሉትጋርድ ዐሥራ ስድስት ምንጅላቶች፣ የአያቶቿ አያቶች፣ የዘር ዓርማ ያለበት ጋሻቸው ተስሏል፤ ስምንት በአባቷ፣ ስምንት በእናቷ። ወደዚህ የመኳንንት ሴቶች ገዳም የምትገባ ልጃገረድ ደሟ ከሁሉም ወገን ንጹሕ የመኳንንት ደም ለመሆኑ አራት ባላባቶች ይምሉላታል። አንዱ እንቢ ካለ አበቃ፤ ልጅቷ ወደ ቤቷ ትመለሳለች፣ ሐሜቱም ይከተላታል። ለምን እንቢ እንዳለ የሚጠይቀው የለም፤ ባላባት በግድ አይምልም።

ዘሯን የቆጠርኩላት እኔ ነኝ፣ ጎትሃርድ ራሱ ለምኖኝ። የበረዶውን ወራት ሙሉ በአገራችን በቬስትፋሊያ ያልረገጥኩት የቤተ ክርስቲያን ደጅ የለም። የመቃብር ድንጋይ በክርኔ እየጠረግኩ የሞቱ ወይዛዝርትን ስም ሳነብ ከረምኩ። አንዲት የዳቦ ጋጋሪ ልጅ፣ አንዲት የነጋዴ ልጅ ባገኝ ምን ነበረበት! አልተገኘችም። የልጅቷ ዘር እንደ ምንጭ ውሃ የጠራ ነው።

መጀመሪያ ተናደድኩ። ኋላ ግን ይሄ ይሻላል አልኩ። የእኔም ልጅ ዘር ንጹሕ ነበር።

ቫልቡርጋዬ እዚሁ ቦታ በነጭ ቀሚስ ስትቆም አራተኛው መሐላ የጎትሃርድ ነበር። በአንዲት ቁራጭ ጫካ ወሰን ተጣልተን ነበርና አልምልም አለ። ከዚያ ወዲህ ልጄን ለትዳር የጠየቀ የለም፤ እንግዳ ሲመጣ ከክፍሏ አትወጣም። እሱ ጫካውን ወሰደ፣ ታረቅን፣ ከእኔ ጋር ከርከሮ ያድናል፣ ወይኔን ይጠጣል። የቀድሞውን ነገር የረሳሁት መስሎታል፣ ሞኝ!

«በል እንጂ ወንድሜ» አለኝ በሹክሹክታ፤ «የግብዣው ዝይ ጥብስ እየቀዘቀዘብን ነው።»

«ዝይውስ ይቆይ።»

እመ ምኔቷ ወንጌሉን ወደ እኔ አስጠጉ። «ጌታ ዮብስት፣ ይምላሉ?»

እጆቼን ወደ ኋላ አጣመርኩ። «አልምልም፣ እመ ምኔት።»

ጎትሃርድ ክንዴን ጨመደደኝ። «ምን ማለትህ ነው? አንተ አይደለህ እንዴ የቆጠርከው! ዮብስት፣ በፈጠረህ አምላክ፣ በልጄ አትጫወት!»

«እኔ ምን አልኩ? አልምልም ነው ያልኩት። አንተም ያኔ ከዚህ የበለጠ አላልክም።»

ፊቱ አመድ መሰለ። ዓመታት ሙሉ የጠበቅኩት ይህን ፊት ነበር፤ ሳልቸኩል ጠግቤ አየሁት። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

ሉትጋርድ ግን አላለቀሰችም። አንገቷን ቀና አድርጋ ጋሻዎቹን አንድ በአንድ ስታይ ቆየች፤ ከዚያ ቀሚሷን ሰብስባ ወደ እኔ መጣች።

«ጌታዬ፣ የትኛዋ ናት?»

«ማን?»

«ደሜን ያበላሸችው። ስሟን ይንገሩኝ፤ ቢያንስ የምረግማትን ልወቅ።»

ቫልቡርጋም ይህንኑ ነበር የጠየቀችኝ። ማንም አይደለችም ብላት አላመነችኝም፤ ዛሬም ድረስ አላመነችኝም። «ማንም አይደለችም» ልላት አፌን ከፍቼ መለስኩት።

«አባትሽን ጠይቂው» አልኳት። «መልሱን እሱ ያውቃል።»

ዞረች። «አባባ?»

ጎትሃርድ ለጫካ ሲል የእኔን ልጅ ማዋረዱን በዚያ ሁሉ ባላባት ፊት ሳይናዘዝ ሊመልስላት አይችልም። ባላባቶቹን አየ፣ እመ ምኔቷን አየ፣ ዓይኑን መሬት ላይ ተከለ። ልጅቷ እጅጌውን ይዛ ትጠብቃለች።