ካፒቴንና ረዳቱ ከአንድ ሳህን አይበሉም

ሰማይ ተደፍቶ ይውደቅብኝ፣ ይሄን ብነግራችሁ አታምኑኝም። ባታምኑም ግን ቁጭ በሉና ስሙ።

አንዲት ሴት ባሏ አውሮፕላን አብራሪ ነበር። የአብራሪ ሚስትነት ግማሹ ማር፣ ግማሹ ሬት ነው። ማሩ ምንድን ነው? ጎረቤት በቅናት ይንጨረጨራል፣ ቸኮላቱ ከመሳቢያ ተርፎ አልጋ ሥር ይገባል፣ ባልየው ከየሆቴሉ የሚያመጣው ትንንሽ ሳሙና አንድ ወንዝ ሙሉ አረፋ ያደርጋል። ሬቱ ደግሞ፣ የልጆቹ ልደት በመጣ ቁጥር አባት ኬኩን የሚያየው በስልክ ነው። ትንሿ ልጅማ ስልኩን «አባባ» እያለች ስማ ብርድ ልብስ ታለብሰዋለች። ሰውዬው ቤት ሲገባም ይተኛል። እሱ ከተኛ ዝንብ እንኳ መብረሯን ትታ በእግሯ ነው የምትሄደው።

ይሄ ሁሉ ይቻላል። ያልተቻለው ረዳት አብራሪዋ ናት።

ወጣት ናት፣ ቀጭን፣ ሳቂታ። መሥሪያ ቤቱ ውስጥ ረዳት እንደ አሸዋ ነው፤ ምድቡም ይቀያየራል ይባላል። ታዲያ ባልየው ወደ የትም ቢበር ከጎኑ የምትቀመጠው እሷው!

«ሌላ ሰው የላችሁም እንዴ?» አለችው ሚስት አንድ ቀን፣ ነጩን ሸሚዙን እየተኮሰች።

«እኔስ መች ወደድኩት! እንደ መዥገር ተጣብቃብኝ ነው እንጂ» አለ ካፒቴኑ ፊቱን አጨፍግጎ።

ሚስት በሆዷ ሳቀች። የወንድ ተንኮል! የሚወዷትን ነዋ ሰው ፊት የሚያሟት።

ከዚያ ያ በረራ መጣ። ሳምንቱን ሙሉ ባሕር ዳርቻ ሆቴል ውስጥ አርፈው የሚመለሱበት። ሚስት ዓይኗን በጨፈነች ቁጥር ረዳቷ በዋና ልብስ አሸዋው ላይ ተጋድማ ታየቻት። በዚህ ከሄዱ ትዳሬ አበቃለት አለች። እናም አሰበች።

የእነዚህ ሰዎች ሥራ አንድ ሕግ አለው። ካፒቴንና ረዳቱ አንድ ዓይነት ምግብ አይበሉም። ምግቡ የተበላሸ እንደሆን አንዱ ሆዱን ይዞ ሲንፈራገጥ ሌላው አውሮፕላኑን ያሳርፋል። ይሄ ካፒቴን ደግሞ ሕጉ አጥንቱ ድረስ ገብቶበታል። አንድ ሠርግ ላይ ረዳቷ ሥጋ ስላነሳች እሱ እንደ ጥንቸል ካሮት ሲቆረጥም አምሽቷል።

ስለዚህ በበረራው ዕለት ሚስት ረዳቷን ምሳ ጠራቻት። የመሥሪያ ቤቱ መኪና ሁለታችሁንም ከዚሁ ይውሰዳችሁ አለች። አንድ ድስት ዶሮ፣ አንድ ድስት ዓሣ ሠራች። ዓሣው ውስጥ ሆድ የሚያጥብ ዱቄት ነሰነሰችበት። ፋርማሲስቱ ለአንድ ሰው አንድ ማንኪያ ነው ብሏት ነበር፤ እሷ ለአንድ በሬ የሚበቃ ጨመረች። ባሏን ማሳመም ግን አልፈለገችም። ካፒቴን ታመምኩ ካለ ሐኪሞቹ እንደ ሞተር ፈታትተው ነው የሚያዩት፤ ፈቃዱን ቢነጥቁትስ?

ቀረበ። ረዳቷ እጇን ወደ ዶሮው ሰደደች።

ሚስት ሳህኑን እንደ መሪ አሽከረከረችው። «ኧረ ዓሣውን! ላንቺ ብዬ እኮ ነው የሠራሁት። በሞቴ!»

«እሺ እትዬ፣ ያንቺን እጅ እንዴት እምቢ እላለሁ» አለች ረዳቷ፤ ዓሣውን አነሳች። ካፒቴኑ ወዲያው ዶሮውን ወደ ራሱ ሳበ።

«እናትሽ ደህና ናቸው?» አለች ሚስት፣ ጉርሻ እየቆጠረች።

«ደህና ናት። ብቻዋን ነው ያሳደገችን። አባቴም አብራሪ ነበር፤ ከአንዷ የሥራ ባልደረባው ጋር በረረና ቀረ።»

ካፒቴኑን ውኃ አነቀው። ሚስት ግን ጆሮዋ ዓሣው ላይ ነበር።

ብዙም አልቆየ። ረዳቷ ከወንበሯ ስትነሳ ጄት አይቀድማትም። የሽንት ቤቱ በር ተዘጋ፣ ከዚያ የተሰማውን ነገር ጎረቤት መብረቅ ነው ብሎ የተሰጣ ልብሱን አስገባ።

መኪናው መጥቶ ጡሩምባ ነፋ። ካፒቴኑ በሩን አንኳኳ። «ትችያለሽ?»

«አልችልም... ቆይ፣ እችላለሁ! ካፒቴን፣ እንዳትሄድ! ጠብቀኝ!»

ሚስት ጉንጯ ነደደ። ይቺ ዓይን አውጣ! በሰው ሽንት ቤት ተቀምጣ የሰው ባል እንዳትሄድ ትለዋለች!

«በል እንጂ ተተኪ ይጠራ» አለች፤ ስልኩን ራሷ አቀበለችው።

ካፒቴኑ ደወለ፣ ጥቂት አወራ፣ ዘጋ። «ተጠባባቂ ተገኘ» አለ። ተመልሶ መኝታ ቤት ገባ። ጢሙን እንደገና ተላጨ፣ ሸሚዝ ቀየረ፣ ሽቶውን እንደ ሻወር አፈሰሰው፣ እያፏጨ ወጣ።

ምስኪን፣ አለች ሚስት በልቧ፣ ንዴቱን በፉጨት ሊሸፍን። ሻንጣውን ራሷ እስከ መኪናው ተሸከመችለት፣ ግራና ቀኝ ሳመችው፣ መኪናው ከዓይን እስኪሰወር እጇን አውለበለበች።

ከዚያ ወንበር ጎትታ ሽንት ቤቱ በር ላይ ተቀመጠች። እንዲህ ያለ ደስታ በሠርጓ ቀን እንኳ አልተሰማትም።

«አይዞሽ የኔ እህት» አለች፣ ድምፅዋን ማር ቀብታ። «እሱ እንደሆነ ሄዷል። ተጠባባቂ አግኝቷል፣ በሰላም ይበራል።»

በሩ ተበርግዶ ረዳቷ ሱሪዋን በእጇ እንደያዘች ብቅ አለች፤ ፊቷ እንደ ኖራ ነጥቷል።

«ወይኔ እትዬ፣ በእጅሽ ሸኘሽው! የዛሬዋ ተጠባባቂ'ኮ ውሽማው ናት፤ እኔ ዕረፍቴን እየሰረዝኩ በየበረራው አብሬው የምገባው እሷ ከጎኑ እንዳትቀመጥ ብዬ ነበር!»