የማዳም ክላር የሐሙስ እንግዳ

መርሻ ቦንሳን መጥላት የጀመረው ከሸሚዙ ነው። በጅቡቲ ሙቀት የሰው ሁሉ ሸሚዝ ጀርባው ላይ ሲጣበቅ፣ የቦንሳ ሸሚዝ እንደተተኮሰ ይውላል። እንዴት አድርጎ ነው? ይህ ራሱ ያበግናል።

የሁለቱም ሥራ አንድ ነው፤ ማግባባት። የአውሮፓ ኅብረት ወደ ገበያው በሚገባ ሰሊጥ ላይ አዲስ የምርመራ ደንብ ሊያወጣ ነው። መርሻ የቆመው ለሰሊጥ አምራቾች ማኅበር ሲሆን፣ "ምርመራው እዚያው አገራችን፣ በራሳችን ላቦራቶሪ ይሁን" ይላል። ቦንሳ የቆመው በጅቡቲ ነፃ የንግድ ቀጠና አካባቢ መጋዘን ላላቸው ነጋዴዎች ነው፤ "የለም፣ ሰሊጡ እዚህ መጋዘን ገብቶ ይመርመር" ይላል። የመርሻ ወገን ከተረታ ማኅበሩ የጅቡቲ ቢሮውን ይዘጋል። መርሻም በአርባ ስድስት ዓመቱ ሻንጣውን ሸክፎ ወደ መጣበት ነው።

ጉዳዩን አጥንታ ለብራስልስ አስተያየት የምትጽፈው በኅብረቱ የጅቡቲ ቢሮ ያለችው ማዳም ክላር ናት። ማዳም ደረቅ ሴት ናት። ጉዳይ ይዞ የመጣ ሰው ከቢሮዋ ውጭ አታነጋግርም። መርሻ በሄደ ቁጥር ስሙንና ሰዓቱን ትመዘግባለች።

"ደንባችን ነው፤ ማንን እንዳነጋገርኩ ለሕዝብ ይፋ ይሆናል" ትለዋለች።

ዐሥራ አንድ ጊዜ ሄዷል፤ ዐሥራ አንድ ጊዜ ተመዝግቧል። አንድ ቀን እንኳ ፈገግ ብላለት አታውቅም።

ታዲያ አንድ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ በሆዳን ሰፈር ሲያልፍ ምን ቢያይ ጥሩ ነው? ቦንሳ ሽቶውን ተርከፍክፎ፣ ፌስታል አንጠልጥሎ፣ በማዳም ክላር ቤት የጓሮ በር ዘው አለ! የማዳም መኪና እንኳ ገና ግቢው ውስጥ አልነበረችም።

"አይ ድፍረት! ቀድሞ ገብቶ ሊጠብቃት ነው" አለ መርሻ በሆዱ።

በሚቀጥለው ሐሙስ ተመልሶ መጣና ከጓሮው በር ፊት ለፊት ካለች ሱቅ ለስላሳ ገዝቶ ቆመ። ቦንሳ ገባ። ከአንድ ሰዓት በኋላ እየሳቀ ወጣ። ለስላሳው በመርሻ እጅ እንደ ሻይ ሞቆ ነበር። ቀናሁ ብሎ ለራሱ ለማመን ያፍር ይሆናል እንጂ፣ የቀናስ ቀንቷል።

ማዳም ቤት እዚያው እያደረች የምትሠራ የውብዳር የምትባል የመተማ ልጅ አለች። መርሻም የመተማ ሰው ነው። የአገር ልጅነቱን ይዞ ተጠጋት። ዓርብ የዕረፍት ቀኗ ስለሆነ ባሕር ዳርቻው ላይ ይገናኙ ጀመር።

"እስቲ የውቤ፣ ይሄ ቦንሳ የሚሉት ሰውዬ እዚያ ቤት ምን ይሠራል?"

"ምን አውቄ ጋሽ መርሻ። በሩ ይዘጋል። ሳቅ ብቻ ነው።"

"ሳቅ? ማዳም ትስቃለች?"

"ሰው አይደለች እንዴ፣ ለምን አትስቅ! እርስዎ ደግሞ የሰው ቤት ከሚያዩ የራስዎን አይጠብቁም? የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች አሉ።"

መርሻ ከልቡ ሳቀ። ቀልዷን ወደደላት። "እርስዎ ማለቱን ተይኝ" ቢላትም አልተወችም። እያደር የሐሙሱ ቁስል የሚሽርለት በዓርቡ ጨዋታ ሆነ።

አንድ ዓርብ፣ "ለመሆኑ ታሸንፋላችሁ?" አለችው። "ምንድን ነው እንዲህ የሚያስጨንቅዎ?"

"ላቦራቶሪያችን ያለው አንድ ማሽን ብቻ ነው" አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "እሱም ከተበላሸ አራት ወሩ። ይህን የምናውቅ የማኅበሩ ሊቀ መንበርና እኔ ብቻ ነን።"

"ውይ! ታዲያ ለእኔ ይነግሩኛል?"

"ካንቺ ምን የምደብቀው አለኝ?"

ከአፉ ሲወጣ ራሱ ደነገጠ። ለካስ ወዷታል! ደንቡ በወጣ ማግስት መተማ ላሉት ዘመዶቿ ሽማግሌ ሊልክ ቆረጠ። አሸንፎ፣ ቀና ብሎ።

ደንቡ ወጣ። መርሻ ቢሮው ቁጭ ብሎ አነበበው። "የመጋዘን ባለቤቶች በጽሑፍ እንዳመለከቱትና በማጣራት እንደተረጋገጠው፣ የአምራቾቹ ብቸኛ የምርመራ ማሽን ለአራት ወራት ሥራ አቁሟል። ስለዚህ ምርመራው በጅቡቲ መጋዘኖች ይከናወናል።"

"አረደችኝ!" ብሎ ጠረጴዛውን መታ። "ማዳም ናት! ጉዳችንን አነፍንፋ አግኝታ ለወዳጇ አቀበለችው!"

ያን ይፋ የሚሆነውን መዝገብ ከኢንተርኔት አውጥቶ በጣቱ እየተከተለ አነበበ። መርሻ፣ ዐሥራ አንድ ጊዜ። ቦንሳ፣ አንድም ጊዜ የለም።

"ደብቃዋለቻ! ያን ሁሉ ሐሙስ!"

ለብራስልስ የክስ ደብዳቤ ጻፈ። የቀረው ምስክር ነው፤ ምስክሯም የውብዳር ናት። ዓርብ ባሕር ዳርቻው ላይ ቢጠብቃት ቀረች። በላብ ተዘፍቆ ሆዳን ሄደና የግቢውን በር አንኳኳ። ዘበኛው ከይረዲን ከፈተለት።

"የውብዳር ሥራ ለቃለች" አለው።

"እንግዲያው አንተ መስክርልኝ! ማዳም ሐሙስ ሐሙስ እዚህ ቤት ማንን ነው የምትቀበለው?"

"ማዳም?" ከይረዲን ግራ ተጋባ። "ሐሙስ ከሰዓት ማዳም ቤት ኖራ አታውቅም። ዓረብኛ ትማራለች፤ የምትመለሰው ሲመሽ ነው። ይልቅ እንኳን መጣህ፣ የውብዳር ላንተ ትታልህ የሄደችው ነገር አለ።"

የታጠፈ ወረቀት ሰጠው። መርሻ የክሱን ደብዳቤ በብብቱ ይዞ፣ እዚያው ፀሐይ ላይ እንደቆመ ገለጠው።

"ጋሽ መርሻ፣ እዚህ አገር ወላጅ የለኝም፤ የፊታችን ዓርብ የቦንሳን ሽማግሌዎች እንደ አባት ሆነው ይቀበሉልኝ።"